ከ«አዎ» እና ከ«አይ» በፊት

በአሜሪካ የምርጫ ቀን መራጩ እጅ የሚገባው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሰው ስም ብቻ የያዘ አይደለም። ከዕጩዎቹ ዝርዝር በታች ወይም በወረቀቱ ጀርባ፣ ሕግ ሆኖ ይጽደቅ ወይስ ይውደቅ ተብሎ ለመራጩ የቀረበ ሐሳብ ይኖራል። በዋሽንግተን ዲሲ «ኢኒሺየቲቭ»፣ በካሊፎርኒያ «ፕሮፖዚሽን» ወይም ባጭሩ «ፕሮፕ»፣ በሜሪላንድ «ክዌስችን» ይባላል። ለዕጩ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ሌላው ቢጠፋው የፓርቲውን ስም አይቶ ይገምታል። እዚህ ግን ፓርቲም ፊትም የለም፤ ያለው ቁጥርና አንድ አንቀጽ ጽሑፍ ነው። ስለ እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚታመን መረጃ ከየት ይገኛል የሚለውን፣ በዲሲ ምግብ ቤት የምትሠራ አንዲት አስተናጋጅና ጡረታ የወጣ አንድ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይነጋገሩበታል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተናጋጇ፦ ጋሼ፣ እኛ ሕዝበ ውሳኔ ስንል የምናውቀው የሲዳማን ዓይነት ነው። ክልል ይሁን አይሁን ተብሎ፣ በሰው ዕድሜ አንዴ የሚመጣ ነገር። እዚህ ግን በየምርጫው ይመጣል። ያውም ስለ ቲፕ፣ ስለ ጉርሻ!

አስተርጓሚው፦ በ2019 የሲዳማው ሲደረግ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነም ድምፅ ሰጪው ሁሉ ያውቀዋል። የዚህ አገሩ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ሕግ ነው። ምክር ቤቱ አላወጣም ያለውን፣ ወይም አውጥቶ ሕዝቡ ያልወደደውን፣ መራጩ ራሱ የሚቆርጥበት መንገድ ነው። ሳውዝ ዳኮታ በ1898 ጀመረችው። ካሊፎርኒያ በ1911 ያስገባችው የባቡር ኩባንያው በሕግ አውጪዎቹ ላይ የነበረውን ጉልበት ለመስበር ነበር። ዲሲ ያገኘችው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ሁለት ዓይነት መሆኑን ግን ለይተሽ ያዢ። አዲስ ሕግ ከዜጎች በፊርማ ሲመጣ ኢኒሺየቲቭ ነው። ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ይቁም ወይስ ይሰረዝ ሲባል ሪፈረንደም ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ኋላ «አዎ» የምትለው ቃል ላይ ግን ሰው ያሳስታል።

አስተናጋጇ፦ እኔን መጀመሪያ ያጋጠመኝ በ2018 ነው፤ ኢኒሺየቲቭ 77። ያኔ የምሠራበት ቤት ለሁላችንም ደረት ላይ የሚሰካ ባጅ አደለን፤ «ቲፓችንን አድኑ» የሚል። ምንድነው ብዬ አልጠየቅሁም፣ ሰካሁት። የገባኝ ቲፕ በሕግ ሊቀር ነው ብዬ ነው። እንግዶቹም እያዩ «አይዞሽ፣ አይ ብዬ እመርጥልሻለሁ» ይሉኝ ነበር።

አስተርጓሚው፦ ሕጉ ውስጥ ቲፕ የሚከለክል አንድም ቃል አልነበረም። ቢሆንም ባጁ ውሸት ነው ለማለት አትቸኩይ። የባለ ባጆቹ ክርክር፣ አሠሪው ለቲፕ ሠራተኛ የሚከፍለው መነሻ ክፍያ ካደገ ምግብ ቤቱ ዋጋ ይጨምራል ወይም ሰርቪስ ቻርጅ ያስገባል፣ ተስተናጋጁም እጁን ይሰበስባል የሚል ነበር። ይህ ግምት ነው፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ባጁ ላይ ሲጻፍ ግን ግምትነቱ ጠፍቶ የሕጉ ቃል ይመስላል። መረጃ ስትፈልጊ ከሁሉ በፊት የምትለዪው ይህን ነው። ይህ የሕጉ ቃል ነው ወይስ ሰው ስለ ሕጉ ውጤት የገመተው? የሕጉን ቃል ወረቀቱን ከፍቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ግምቱን ግን ከማመዛዘን ሌላ መድኃኒት የለውም።

አስተናጋጇ፦ ወረቀቱንማ ከፍቻለሁ። የድምፅ መስጫው ላይ ያለችውን አንቀጽ አንብቤ የባሰ ግራ ገባኝ። ባጁ ስለ ቲፕ ያወራል፣ አንቀጹ ስለ 15 ዶላር ይጀምራል።

አስተርጓሚው፦ እሱ ራሱ አንድ ትምህርት ነው፤ ቀስ ብለን እንየው። የዚያ ማጠቃለያ የመጀመሪያ ሐረግ፣ ሐሳቡ ከጸደቀ የከተማዋ ሚኒመም ዌጅ፣ ማለትም ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ፣ ደረጃ በደረጃ አድጎ በ2020 15 ዶላር ይሆናል ይላል። ሁለተኛው፣ ቲፕ የሚቀበሉ ሠራተኞች ከአሠሪያቸው የሚያገኙት መነሻ በ2026 ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል ይሆናል ይላል። ከዚያ ስለ ዋጋ ንረት ማስተካከያና ሕጉ ስለማይመለከታቸው የመንግሥት ሠራተኞች ይቀጥላል። ቃል በቃል ሲታይ ስሕተት አይገኝበትም። ነገር ግን 15 ዶላሩን የከተማው ምክር ቤት በ2016 አጽድቆት ነበር። 77 ቢያልፍም ቢወድቅም 15 ዶላር አይቀርም።

አስተናጋጇ፦ ታዲያ ለምን ጻፉት?

አስተርጓሚው፦ የሐሳቡ ሰነድ ውስጥ ስላለ። ማጠቃለያ የሚነግርሽ ሰነዱ ምን እንደሚል ነው፤ አሁን ካለው ምን እንደሚቀይር አይደለም። ሁለቱ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለአስተማሪውም ለጥበቃውም 15 ዶላር ይግባ ብሎ «አዎ» ያለ መራጭ፣ ቀድሞ ኪስ ለገባ ገንዘብ ድምፅ ሰጠ ማለት ነው። እውነተኛው ጥያቄ ሁለተኛው ሐረግ ውስጥ ነበር። እስቲ ደብተርሽን አምጪ።

ከትእዛዝ መቀበያ ደብተሯ አንድ ቅጠል ገንጥሎ መሃል ለመሃል መስመር ያሰምራል። በግራ «አሁን ያለው»፣ በቀኝ «ቢጸድቅ» ብሎ ይጽፋል። በግራው ዓምድ በ2018 የነበረውን በሦስት መስመር ይሞላል፦ ሙሉው የሰዓት ክፍያ 12.50 ዶላር፣ በ2020 15 የሚሆን፤ የቲፕ ሠራተኛ መነሻ 3.33 ዶላር፤ መነሻውና ቲፑ ተደምረው ሙሉውን ካልሞሉ ጎዶሎውን አሠሪው ይከፍላል። በቀኙ ዓምድ፦ 15ቱ እንዳለ፤ መነሻው በየዓመቱ እያደገ በ2026 ከሙሉው እኩል፤ ቲፕ አይነካም፣ በላዩ ይመጣል።

አስተናጋጇ፦ የግራውን ሦስተኛ መስመር ማን ያውቃል? ጎዶሎውን አሠሪው እንደሚሞላ እኔ ራሴ ስሠራበት አላውቅም ነበር።

አስተርጓሚው፦ አየሽ፣ ከባዱ የግራው ዓምድ ነው። ሰው አዲሱን ሐሳብ ለማንበብ ይደክማል፤ የነበረውን ግን የሚያውቀው ይመስለዋል። የ77 ደጋፊዎች «በ3.33 ዶላር ኑሩ ተባሉ» ሲሉ የሦስተኛውን መስመር ነገር ለማንሳት አይቸኩሉም ነበር። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው «ሕጉ አስቀድሞ ይጠብቃቸዋል» ብለው ያቆማሉ፤ አንዲት አስተናጋጅ በአርብ ማታ ሥራ መሃል ጎዶሎዋን አስልታ ባለቤቱን እንዴት እንደምትጠይቅ አያነሱም። ግራውን ዓምድ በትክክል የሞላ ሰው የሁለቱንም ግማሽ ንግግር ይሰማዋል።

አስተናጋጇ፦ የት ሄጄ ነው የምሞላው? ጠበቃ አይደለሁ።

አስተርጓሚው፦ ቀኙን መሙላት ይቀላል። የሐሳቡ ሙሉ ጽሑፍ በከተማዋ ምርጫ ቦርድ ዘንድ አለ፤ የከተማዋ ይፋዊ ጋዜጣ በሆነው በዲሲ ሬጅስተርም ይታተማል። ቦርዱ ከምርጫ በፊት የሚያሳትመው የመራጮች መመሪያም ይረዳሻል። ለግራው፣ ሐሳቡ የሚነካውን መሥሪያ ቤት ጠይቂ። ስለ ደመወዝ ከሆነ የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ እንዲለጠፍ የሚያስገድደው ፖስተር አለ፤ አንቺም ኮት በምትሰቅይበት በኩል ሳይኖር አይቀርም። የካሊፎርኒያ መራጭ በዚህ በኩል ታድሏል። በየቤቱ የሚላክለት መመሪያ የሕጉን ሙሉ ቃል ሲያትም፣ የሚሰረዘውን በላዩ መስመር ሰርዞበት፣ የሚጨመረውን በዘመም ፊደል ያወጣዋል። ሁለቱን ዓምዶች ባንድ ገጽ ማየት ማለት ነው። ደግሞ «የሌጅስሌቲቭ አናሊስት ቢሮ» የሚባል ከፓርቲ ወገንተኝነት የራቀ መሥሪያ ቤት ስለ እያንዳንዱ ሐሳብ ትንታኔ ይጽፋል። ነባሩ ሕግ ይህ ነው ብሎ ይጀምራል፣ የሚቀየረውን ይነግርሻል፣ ከመንግሥት ካዝና የሚወጣውንና የሚገባውን ይገምታል። ጊዜ ያጠረው ሰው ካንዱም ከሌላውም የዘመቻ ወረቀት ይልቅ እሱን ቢያነብ ይሻለዋል።

አስተናጋጇ፦ ሎስ አንጀለስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ግን መመሪያው እቤቷ ተቀምጦ ተሳስታለች። በ2022 ጣዕም ያለው ሲጋራ ይታገድ የሚል መጣ፤ ለልጆቿ ፈርታ መታገዱን ትፈልጋለች። ያቀረቡት የትምባሆ ኩባንያዎቹ ናቸው ሲሏት «እንግዲያው አይ ማለት አለብኝ» ብላ «አይ» አለች።

አስተርጓሚው፦ ፕሮፕ 31 ነው። ቅድም ያልኩሽ የሪፈረንደም ጣጣ ይኸው። እገዳውን የግዛቱ ሕግ አውጪ በ2020 አውጥቶታል። የትምባሆ ኩባንያዎቹ ገንዘብ አፍስሰው ፊርማ አሰባሰቡና ሕጉ በሥራ ላይ ሳይውል ወደ ሕዝብ እንዲሄድ አደረጉ። ጥያቄው ታዲያ «ሕጉ ይቁም?» ነው። «አዎ» ማለት እገዳው ይጽና፣ «አይ» ማለት ይሰረዝ ነው። ፊርማውን ያሰባሰበው ወገን «አይ በሉ» እያለ ነበር የሚቀሰቅሰው! የአክስትሽ ልጅ ፊርማውን ማን እንዳመጣው ማወቋ ደግ ነበር፤ «አዎ» ምን እንደሚያደርግ ግን ከዚያ አይታወቅም። ከመቶ 63 ገደማው «አዎ» ብሎ ሕጉ ጸና። ሆኖም ኩባንያዎቹ ድምፁን ቢያጡም ሁለት ዓመት የገበያ ጊዜ አትርፈዋል። የካሊፎርኒያ መመሪያ ይህን አውቆ በመጀመሪያ ገጾቹ «አዎ ማለት ይህ ነው፣ አይ ማለት ይህ ነው» የሚል ሠንጠረዥ ያወጣል። ሌላ ቦታ ያለ መራጭ ሠንጠረዡን ራሱ መሥራት አለበት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አዎ ካልኩ ነገ የሚሆነው...»፣ «አይ ካልኩ ነገ የሚሆነው...»። ሁለተኛውን መጨረስ ያቃተው ሰው ገና አልገባውም።

አስተናጋጇ፦ ያችን በወረቀቱ ላይ ያለችውን አንቀጽስ የሚጽፋት ማነው? አቅራቢው ነው?

አስተርጓሚው፦ አቅራቢው የሚያመጣው የሕጉን ጽሑፍ ነው። በዲሲ አጭር ርእሱንና ማጠቃለያውን የሚያወጣው ምርጫ ቦርዱ ነው። በይፋ ስብሰባ ይነበባል፣ ቅር ያለው ሰው ሐሳብ ይሰጣል፣ ካልተስማማም ፍርድ ቤት ይሄዳል። በካሊፎርኒያ ግን ርእስና ማጠቃለያ የመጻፉ ሥራ የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነው። እሱ ደግሞ በሕዝብ የሚመረጥ፣ ፓርቲ ያለው ፖለቲከኛ ነው። በ2018 የቀረበውን ፕሮፕ 6 እንውሰድ። አቅራቢዎቹ የፈለጉት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በነዳጅና በተሽከርካሪ ላይ የተጨመረውን ግብር ማንሳት ነው። በወረቀቱ ላይ የወጣው ርእስ ግን የሚጀምረው «ለመንገድ ጥገናና ለትራንስፖርት የተመደበ የተወሰነ ገንዘብን ያስቀራል» በሚል ሐሳብ ነበር። ሐሰት ነው? አይደለም፤ ግብሩ ሲነሳ ገንዘቡም ይቀራል። ግን «ግብር ይነሳልህ» እና «መንገድህ ሳይጠገን ይቅር» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱ አንድ አይሆንም። ሐሳቡ በ57 ከመቶ ገደማ ድምፅ ወደቀ። ርእሱ ብቻ ጣለው ማለት አይቻልም፤ ግን አቅራቢዎቹ ማማረራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አስተናጋጇ፦ ሰምና ወርቅ ነው በሉኛ።

አስተርጓሚው፦ ቅኔማ ቢሆን ወርቁን አውጪ ብሎ ይሰጥሻል። ይሄ ወርቅ እንዳለው የሚነግርሽ የለም።

አስተናጋጇ፦ እሺ፣ ገንዘቡስ? ፖስታ ሳጥኔን የሚሞላው ባለ ቀለም ወረቀት ሁሉ ከታች «የተከፈለው በ...» ብሎ የማላውቀውን ኮሚቴ ስም ይጽፋል።

አስተርጓሚው፦ የኮሚቴ ስም ማንም የሚወደው ቃል ተፈልጎ ነው የሚወጣው፤ «ፍትሕ»፣ «ቤተሰብ»፣ «ሥራ» የሌለበት አታገኚም። ስሙን ተዪና ከጀርባው ያለውን ከፋይ ፈልጊ። በዲሲ ኮሚቴዎቹ ማን ስንት እንደሰጣቸው ለምርጫ ዘመቻ ፋይናንስ ቢሮ ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ሪፖርቱም ለማንም ክፍት ነው። ሪፖርቱ የሚፈለገው እዚያ እንጂ ምርጫ ቦርዱ ጋ አይደለም፤ ሰው አንዱ ጋ ፈልጎ ሲያጣ የለም ብሎ ይመለሳል። በካሊፎርኒያ በ2017 የወጣ ሕግ የዘመቻ ማስታወቂያ 50 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጡት ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ሦስቱን በስም እንዲያወጣ ያስገድዳል።

አስተናጋጇ፦ ብዙ ገንዘብ ያለበት ወገን ይዋሻል ማለት ነው?

አስተርጓሚው፦ አይደለም። ገንዘቡ ማን ምን ያህል እንደሚጠቅመው ይጠቁምሻል፤ ጽሑፉን የት ጋ ጠበቅ አድርገሽ ማንበብ እንዳለብሽም ያመለክትሻል። የኡበርና የሊፍት ነጂ የሆነ ዘመድ የሌለው ሐበሻ የለምና ፕሮፕ 22ን ልንገርሽ፤ በ2020 ካሊፎርኒያ የቀረበ ነው። ጥያቄው የአፕ ነጂዎች ተቀጣሪ ሳይሆኑ ኮንትራክተር ሆነው ይቀጥሉ የሚል ነበር። ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽና መሰሎቻቸው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱበት፤ ተቃዋሚዎቹ፣ በዋናነት የሠራተኛ ማኅበራት፣ ያወጡት 20 ሚሊዮን ገደማ ነው። ማስታወቂያው ስለ ነጻነትና ስለ ተለዋዋጭ ሰዓት ያወራል፤ ያ ጽሑፉ ውስጥ አለ። ነጂው በሥራ ላይ ላለበት ሰዓት የተረጋገጠ ወለል ክፍያ አለው ይላል፤ እሱም አለ። ግን «በሥራ ላይ» የሚለው ቃል ትርጉም ሲነበብ፣ ጥሪ ከተቀበለበት እስከሚያደርስበት ነው። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ጊዜ አይቆጠርም። ወደ መጨረሻው ደግሞ፣ ሕግ አውጪው ይህን ሕግ ላሻሽል ቢል በእያንዳንዱ ምክር ቤት ከስምንት እጅ ሰባቱ መስማማት አለበት የሚል አንቀጽ ነበረው። ስምንት ሰው አንድ ሰፈር ሰብስበሽ ሰባቱን በምን ልታስማሚ እንደምትችይ አስቢው። ይህን የሚያገኘው ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ነው። ሐሳቡ ከመቶ 58 በሚበልጥ ድምፅ አለፈ፤ ከብዙ ክርክር በኋላም የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 አጸናው። ነጂዎች ራሳቸው ግማሾቹ ደግፈው ግማሾቹ ተቃውመው ነበርና የትኛው ልክ ነው የሚለውን ለእነሱ እተወዋለሁ። የትርጉም አንቀጹንና የማሻሻያ አንቀጹን ሳያነብ የወሰነው ግን ብዙ ነው።

አስተናጋጇ፦ እንግዲያው መንግሥት የጻፈውን ብቻ ላንብብ?

አስተርጓሚው፦ እሱም ይሳሳታል። በስዊዘርላንድ ሕዝቡ በዓመት እስከ አራት ጊዜ ለእንዲህ ያለ ውሳኔ ይወጣል፤ መንግሥቱም ለእያንዳንዱ መራጭ ቡክሌት ይልካል። በየካቲት 2016 ባለትዳሮች በግብር ይበደላሉ የሚል ሐሳብ ቀረበ። መንግሥት ችግሩ የሚነካቸው ሁለቱም የሚሠሩ ባለትዳሮች 80 ሺህ ናቸው አለ። ሐሳቡም ለጥቂት ወደቀ፤ ተቃዋሚው ከመቶ 50.8 ነበር። ኋላ ቁጥሩ ሲታረም 454 ሺህ ሆኖ ተገኘ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 የድምፁን ውጤት ሰረዘው። እዚያ የሚያስደንቀው መሳሳቱ ሳይሆን፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ተጠይቆ መልስ መገኘቱ ነው። ምንጩን የማይናገር ቁጥርማ ስሕተቱ እንኳ አይገኝም።

አስተናጋጇ፦ ገለልተኛ የሚባሉትስ?

አስተርጓሚው፦ «ባሎትፒዲያ» የየግዛቱን ሐሳብ ጽሑፍ፣ የደጋፊና የተቃዋሚ ክርክር፣ የገንዘቡን መጠን ባንድ ቦታ ይሰበስባል፤ ለመነሻ ጥሩ ነው። በ1920 የተቋቋመው የሴቶች መራጮች ሊግም የመራጮች መመሪያ ያዘጋጃል። ይህ ማኅበር ለዕጩ በጭራሽ አይወግንም፤ በሕግ ሐሳቦች ላይ ግን አቋም ይወስዳል። መመሪያው ሌላ፣ አቋሙ ሌላ መሆኑን ያላወቀ ያደናግረዋል። እኔ ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ የኦሪገኑ ነው። በ2011 በሕግ ባቆሙት አሠራር፣ ሃያ ያህል ተራ መራጮች በዕጣ ይመረጡ ነበር። ለቀናት ተቀምጠው ሁለቱንም ወገንና ባለሙያ ጠርተው ይጠይቁ ነበር፤ ከዚያ ሊታወቅ ይገባል ያሉትን ባንድ ገጽ ይጽፉና ለሌላው መራጭ በመመሪያው ይታተም ነበር። እንደ ድሮ የሰፈር ሽምግልና ነበር፤ ልዩነቱ የእነዚህኞቹ ሽማግሌዎች ፍርድ ሳይሆን ንባብ መስጠታቸው ነው።

አስተናጋጇ፦ ለእኛ ሰው ግን ዋናው ጣጣ ቋንቋው ነው። እናቴ ለምሳሌ በእንግሊዝኛ ስም ታነባለች፣ የሕግ አንቀጽ ግን አይሆንላትም። የምትሰማው በቴሌግራም የሚዞር የድምፅ መልእክት ነው።

አስተርጓሚው፦ የፌዴራሉ የድምፅ መብት ሕግ የምርጫ ወረቀት እንዲተረጎምላቸው የሚያስገድድላቸው ቋንቋዎች የስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ናቸው። አማርኛ በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ የለም። በዲሲ ግን በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ይጨምራል፤ ስለዚህ ቦርዱ የመራጮች መመሪያውን በአማርኛም ያወጣል። እናትሽ ስትፈልግ በስልክም በአስተርጓሚ ልታነጋግራቸው ትችላለች። ትርጉሙን ግን እንደ ሕጉ ራሱ አትቁጠሩት። እኔ ዕድሜዬን የበላሁበት ሥራ ነውና አውቀዋለሁ። «ቲፕ ክሬዲት» የሚል የሕግ ቃል አለ። አሠሪው ቲፑን ቆጥሮ ከሚከፍለው መነሻ ላይ የሚቀንሰው ማለት ነው። አንዱ «የቲፕ ብድር» ብሎ ሲተረጉመው ሰምቻለሁ። አድማጮቹ ምግብ ቤት ለሠራተኛው ገንዘብ ሊያበድር ነው ብለው ወጡ። «ሪፒል» የሚለውን «መሻር» ትተው «ማሻሻል» የሚሉም አሉ፤ መሻርና ማሻሻል ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በአማርኛ ያነበብሽው አንድ ቃል ላይ ከተጠራጠርሽ፣ ያቺን ቃል ብቻ በእንግሊዝኛው አስተያያት። ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅብሽም።

አስተናጋጇ፦ የድምፅ መልእክቱንስ?

አስተርጓሚው፦ የላከውን ሰው መልሰሽ «የቱ አንቀጽ ላይ ነው ያነበብከው?» በይው። አብዛኛው «ሰዎች ሲሉ ነው» ይልሻል፤ ክርክር አያስፈልገውም፣ እዚያው ያበቃል። አንዳንዱ ግን አንቀጹን ይልክልሻል፤ ያን ጊዜ አመስግነሽ አንብቢ።

አስተናጋጇ፦ አንድ ነገር ደግሞ። ያኔ በአሠሪያችን ስም ባጅ ያደለን ሰውዬ፣ «እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ካላችሁ እኔ አብሬ ገብቼ አሳያችኋለሁ» ብሎ ነበር። ደግነት መስሎኝ ነበር።

አስተርጓሚው፦ ሕጉ አይፈቅድለትም! በፌዴራሉ የድምፅ መብት ሕግ ላይ በ1982 የተጨመረ አንቀጽ አለ። በዓይነ ስውርነት፣ በአካል ጉዳት ወይም ማንበብና መጻፍ ባለመቻል እርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ የወደደውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ልጁን፣ ጎረቤቱን፣ የሰንበት ማኅበርተኛውን። ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ አይሆንም፦ አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እና የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ወይም ወኪል። ለምን እንደሆነ ከአንቺ በላይ የሚገባው የለም። እናትሽን አንቺ ይዘሻት ግቢ፤ ብቻ የምታነቢላት ወረቀቱን ይሁን፣ የራስሽን ሐሳብ አይደለም።

አስተናጋጇ፦ ሁሉን አንብቤ፣ ዓምዱን ሞልቼ ብመርጥስ? 77 አልፎ አልነበረም እንዴ? ተመልሶ ቀረ።

አስተርጓሚው፦ ሰኔ 2018 ከመቶ 55 በሚበልጥ ድምፅ አለፈ፤ በጥቅምት ምክር ቤቱ በ8 ለ5 ድምፅ ሻረው። በዲሲ ኢኒሺየቲቭ እንደ ማንኛውም ሕግ ነው፤ ምክር ቤቱ ሊሽረውም ሊለውጠውም ይችላል። የካሊፎርኒያው ሕግ አውጪ ግን ሐሳቡ ራሱ ካልፈቀደለት መራጩን መልሶ ሳይጠይቅ እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ «ያለፈው ነገር ምን ያህል ይጸናል?» የሚለውም መራጩ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። የቲፑ ነገር በ2022 ኢኒሺየቲቭ 82 ሆኖ ተመለሰ፤ ከመቶ 74 ገደማው ደገፈው። መነሻው እየጨመረ 10 ዶላር ከደረሰ በኋላ በ2025 ምክር ቤቱ ዳግም ገብቶ ጭማሪውን አዘገየ፤ መድረሻውንም ከሙሉው ክፍያ ወደ 75 ከመቶ አወረደው፣ ያውም በ2034። አንቺ በፔይቼክሽ አይተሽዋል።

አስተናጋጇ፦ አይቼዋለሁ። አሥር ላይ ቆመ።

አስተርጓሚው፦ የዲሲ ነገር ሌላም ገመድ አለበት። ከከተማዋ በላይ ኮንግረስ አለ። በ1998 ለሕክምና የሚውል ማሪዋና ይፈቀድ የሚል ኢኒሺየቲቭ 59 ቀረበ፤ ሰው ድምፁን ሰጠ፣ ኮንግረስ ግን ለቆጠራው ገንዘብ እንዳይወጣ ከለከለ። ወረቀቱ ተቆልፎበት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቆጠረ፤ ከመቶ 69 ደግፎት ኖሯል። ከዚህ ሌላ፣ ኢኒሺየቲቭ የከተማዋን በጀት ማዘዝ አይችልም። የ2024ቱን 83 አስታውሺ፤ መራጩ እስከ አምስት ዕጩ በደረጃ እንዲመርጥና ፓርቲ የሌለው ሰውም በፓርቲዎቹ ቅድመ ምርጫ እንዲሳተፍ የሚል። ጽሑፉ ውስጥ፣ ተፈጻሚ የሚሆነው ገንዘብ በበጀት ሲያዝለት ነው የምትል አጭር ሐረግ ነበረች። ከመቶ 73 ገደማው «አዎ» አለ። በ2025 ምክር ቤቱ ለደረጃ ምርጫው ገንዘብ መደበ፤ ለቅድመ ምርጫው ግን አልመደበም። ግማሹ ሕግ ሆኖ ግማሹ ቁጭ አለ። ያቺን ሐረግ ቀድሞ ያነበበ አልገረመውም።

አስተናጋጇ፦ እንግዲህ ማታ ከሥራ ስወጣ አራት ሐሳብ ያለው ወረቀት ቢሰጡኝ፣ ለአራቱም ዓምድ መሙላት አልችልም።

አስተርጓሚው፦ አትሙዪ። ኑሮሽን የሚነካውንና ግራ የሚያጋባሽን አንድ ሁለት ምረጪና በደንብ አንብቢ፤ ለቀሪው የቦርዱን መመሪያ አንድ ገጽ። ወረቀቱ ምን ምን እንደሚይዝ የሚያሳየው ናሙና ከምርጫው በፊት ስለሚወጣ፣ ሥራውን ድምፅ መስጫው ውስጥ ቆመሽ አትጀምሪው። የጻፍሽውንም ቅጠል ይዘሽ መግባት ትችያለሽ።

አስተናጋጇ፦ አንዱ ጨርሶ ባይገባኝስ? ባዶ ብተወው ወረቀቴ ይበላሻል?

አስተርጓሚው፦ አይበላሽም። ያንን ክብ ባዶ ትተሽ የሌሎቹን ብትሞዪ የሞላሽው ሁሉ ይቆጠራል።

አስተናጋጇ ቅጠሉን አጥፋ ከደብተሯ ሽፋን ውስጥ ትከተዋለች።